ድስቱ ይቁም፣ እቴቴ ይቀመጡ

እኛ ሦስት ነን። አራት ዓመት አንድ ላይ ጋዜጠኝነት ተምረን ተመረቅን፤ አሁን ደግሞ አንድ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ኪራዩን ለሦስት እየተካፈልን እንኖራለን። የምርቃት ፎቷችን ግን እኛ ጋ የለም። በየእናቶቻችን ሳሎን ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሎ እንግዳ ይቀበላል። ባለፈው ፋሲካ ማግስት ታዲያ አንዱ እንግዳ ፎቶውን ቀና ብሎ ሲያይ ቆየና ምን ቢል ጥሩ ነው? “ጎሽ፣ ተመረቀች! ለመሆኑ ሙያስ አላት?”

ሰውዬው ክፉ አይደለም። የሚያውቀውን አማርኛ ነው የተናገረው። በዚህ ቋንቋ ወንድ “ባለሙያ ነው” ሲባል መሐንዲስ ነው፣ ሐኪም ነው፣ ቢያንስ ጥሩ መካኒክ ነው። ሴት “ባለሙያ ናት” ስትባል ወጧ ይጣፍጣል ማለት ነው። የእሱ ሙያ ደሞዝና ጡረታ አለው። የእሷ ሙያ የዓመት ፈቃድ እንኳ የለውም፤ እንዲያውም በዓል በመጣ ቁጥር ሥራው እጥፍ ይሆናል። እኛ አራት ዓመት የዜና አጻጻፍ ስንማር ማንም “ባለሙያ ሆናችሁ” አላለንም። ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ማውጣት የቻልን ቀን ግን ሰፈሩ በሙሉ ይመሰክርልናል።

እቴቴ (የአንዳችን እናት ናቸው፣ ለሦስታችንም እቴቴ ናቸው) ለእንግዳው ሳያመነቱ መለሱ። “ስጎ ትሠራለች። እንደሷ ያለ ስጎ በልተህ አታውቅም።”

ውሸት አይደለም። ግን ሙሉ እውነትም አይደለም። ስጎውን የሚሠራው ድስቱ ነው።

ድስቱ የመጣው ከሜሪላንድ ነው። የእቴቴ ታናሽ እኅት በሻንጣ ጠቅልላ ላከችው። መጀመሪያ የሩዝ ድስት መስሎን ነበር። ውስጡ ከባድ ሸክላ፣ ክዳኑ መስታወት፣ ፊቱ ላይ “ዝቅ”፣ “ከፍ” እና “ማሞቂያ” የሚል አንድ መዘውር አለው። አክስታችን በስልክ አስረዳችን። ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ ሥጋውን ከታ ዝቅ ላይ ታደርገዋለች፤ ከሁለተኛው ሥራዋ ስትመለስ ከስምንት ሰዓት በላይ በስሎ፣ ቤቱን አሽትቶ ይጠብቃታል። “እዚህ ማንም ቆሞ የሚያማስልልሽ የለም” አለችን። ይቺን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልን።

ልንሰካው ስንል ከመካከላችን አንዷ (ጋዜጠኛ ናትና) ገልብጣ ከሥሩ የተጻፈውን አነበበች። 120 ቮልት፣ 240 ዋት። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ ዕቃ የሚላክላችሁ ሁሉ ይቺን ስሙ። ቮልቱ እጥፍ ሊሆን ሲቃረብ ዋቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው የሚያድገው፤ 240 ዋት የነበረው 800 ዋት ገደማ ይሆናል። ያ ድስት በቀስታ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ነበር የሚበስለው፣ ራሱ ድስቱ ማለታችን ነው። ስለዚህ መርካቶ ወርደን ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዛን። ክብደቱ የወፍጮ መጅ ያህላል፣ እንደ ንብ ያጉረመርማል። አሁን የቤታችን አራተኛ ተከራይ ነው፤ ኪራይ ግን አይከፍልም።

የመጀመሪያው ስጎ ሾርባ ሆነ። ጥፋቱ የእኛ ነው። በከሰል እንደለመድነው ጥሬ ሽንኩርት፣ ጥሬ ሥጋ፣ ቲማቲምና ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጨምረን ከደንነው። ይህ ድስት ግን ክዳኑ ገጥሞ ስለሚቀመጥ እንፋሎቱ አይወጣም። የገባው ውሃ እዚያው ነው፤ ሥጋውና ቲማቲሙም የራሳቸውን ይጨምሩበታል። ሽንኩርቱ ደግሞ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም። ቁሌት የሌለው ስጎ ምን እንደሚመስል ለአበሻ ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን የምንሠራው እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ ፍርምባ እንገዛለን። ሉካንዳው ውስጥ ሰው ሁሉ የሚሻማበትን የጥሬ ሥጋውን ምርጥ ክፍል እንተውላቸው፤ ለረጅም ሰዓት የሚሻለው ጅማት ያለበት ነው። ጅማቱ ሙቀቱ 80 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲቆይ በሰዓታት ውስጥ ይሟሟና መረቁን ያወፍረዋል፤ ለስላሳው ሥጋ በዚያ ሁሉ ሰዓት ደርቆ ክር ይሆናል። ሥጋውን እንደ ጎመን በሥጋ በትንንሹ እንከትፋለን፣ ወይም ወፈር አድርገው እንዲፈጩልን እንጠይቃለን። አራት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት በስቶቭ ላይ መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ቀጥሎ በአንድ የቡና ሲኒ ዘይት እስኪቀላ እናቁላላለን። አምስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የተፈቀፈቀ ካሮት፣ ሁለት ማንኪያ ሳልሳ። ሳልሳው ጥሬ ጥሬ እንዳይል ለብቻው ትንሽ ይጠበስ። ሥጋውንም እዚያው ጠቆር እስኪል እናገላብጣለን። ከዚህ በኋላ ነው ወደ ሸክላው የሚገባው፣ አንድ ኪሎ የተላጠ ቲማቲም፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ይዞ። ውሃ ግማሽ ብርጭቆ፣ ያውም መጥበሻውን ለማጠብ። ዝቅ ላይ ስምንት ሰዓት፣ ከፍ ላይ አራት። በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠልና የበሶብላ ቅንጣት ጣል ይደረግና ክዳኑ ገርበብ ይላል።

ጣሊያኖች ይህን ቢያዩ ይከሱን ይሆናል። ቦሎኛ ከተማ የሥጋ ስጎዋን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1982 በንግድ ምክር ቤቷ አስመዝግባለች፤ በ2023 ደግሞ አሻሽላዋለች። በእነሱ ዘንድ የአሳማ ሥጋም፣ ወይንም፣ ወተትም አለበት፤ የሚበላውም በቀጫጭኑ ፓስታ ሳይሆን ታሊያቴሌ በሚሉት ጠፍጣፋው ነው። ለነገሩ “ስጎ” የሚለው ቃል ራሱ የእነሱ ነው፤ ሳልሳም፣ ላዛኛም፣ ፉርኖም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበሩት አምስት ዓመታት ያደረሱብንን ሁላችንም እናውቃለን። ጣሊያን ወጣ፣ ስጎ ቀረ። ቀርቶም በርበሬ ለመደ፣ በጾም ሥጋውን ጣለ፣ ፓስታውም በእንጀራ ይጠቀለል ጀመር። ፓስታ በእንጀራ አንበላም የምትሉ በሌላ ጊዜ እንገናኛለን።

ወደ እቴቴ እንመለስ። እቴቴ ድስቱን መጀመሪያ ያዩት ቀን ስም አወጡለት፤ “የሰነፍ ድስት”። እሳቸው ስጎ የሚሠሩት እሑድ ነው፣ በከሰል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከሰሉን ያቀጣጥላሉ፤ ከዚያ ለሦስት ሰዓት ያህል ጎንበስ ቀና ነው። ያማስላሉ፣ ያራግባሉ፣ ፍም ይቀንሳሉ፣ ያስላሉ። ኩሽናው ጠባብ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ በር ይዘጋል፤ የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ሰው እንደሚገድል ስንነግራቸው “ሠላሳ ዓመት አልገደለኝም” ይላሉ። ምግቡ ሲቀርብ ደግሞ አይቀመጡም። እንጀራ ያመጣሉ፣ ውሃ ያመጣሉ፣ “ብሉ እንጂ” ይላሉ፣ ጨው ረሱ፣ ይሄዳሉ። ሁላችንም ስንጨርስ የተረፈውን ቆመው ይበላሉ። እኛም ለሃያ ምናምን ዓመት “የእቴቴ ስጎ ጣዕሙ ከትዕግሥቷ ነው” እያልን ስናሞግስ ኖርን። ሙገሳው ደስ ይላል፤ የሚከፈለው ግን በእሳቸው ወገብ ነው።

የዚህን ድስት ታሪክ ስናነብ ያገኘነው ነገር ሳይገርመን አልቀረም። የፈጠረው ኧርቪንግ ናክሰን የሚባል የቺካጎ ሰው ነው፤ ፈቃዱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1940። ሐሳቡን ያገኘው እናቱ ስለ ሊትዌኒያ ኑሮ ካወራችለት ነው። እዚያ አይሁዶች በሰንበት እሳት ስለማያነዱ ዓርብ ማታ የባቄላና የሥጋ ድስታቸውን ዳቦ ጋጋሪው ቤት ወስደው፣ እየቀዘቀዘ በሚሄደው ምድጃ ውስጥ ያሳድሩት ነበር። በገበያ ላይ ስሙ የገነነው ሌላ ኩባንያ ገዝቶት እ.ኤ.አ. በ1971 እንደገና ካወጣው በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የአሜሪካ ሴቶች በብዛት ወደ ሥራ እየወጡ ነበር። በእኛም አገር ቤተ እስራኤሎች በሰንበት እሳት አያነዱም፤ የሰንበቱ ምግብ ዓርብ ተሠርቶ ያድራል። እንግዲህ የዚህ ድስት ሥሩ የዕረፍት ሕግ ነው። በቀኑ ማንም አይሠራም፣ ምግብ ሠሪዋም ጭምር። የእኛ ሰፈር እሑድ ግን ሁሉም የሚያርፍበት፣ እናት ብቻ የምትደክምበት ቀን ነው። ይህን የምንለው ሃይማኖት ለመንካት አይደለም። ከሰሉን ያቀጣጠለው ሃይማኖት አይደለም፣ ልማድ ነው።

አሁን ደግሞ ድስቱን እናማው፤ ሐቀኛ መሆን አለብን። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስጎውን ጥደን ሦስታችንም ወጣን። ማታ ስንመለስ ትራንስፎርመሩ ዝም ብሏል፤ ድስቱ ለብ ያለ ነው። መብራት መቼ እንደሄደ ማን ይንገረን? ጎረቤት “ጠዋት ነው” አለች፣ ሌላዋ “አሁን ነው” አለች። ሥጋ ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት መካከል ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ተሕዋስያን ይራቡበታል። አንዳንዶቹ የሚተፉት መርዝ ደግሞ ቢፈላም አይጠፋም። እቤት ያልነበረ ሰው ማድረግ ያለበት መጣል ነው። ለእቴቴ ደወልንላቸው። “ኧረ በእግዚአብሔር! አንድ ኪሎ ሥጋ? አንዴ አፍሉትና ብሉ!” አሉ። በዚህ ዘመን ሥጋ መጣል ኃጢአት እንደሚመስል እናውቃለን፤ ከሉካንዳው ስንወጣ ቦርሳችን ምን ያህል እንደቀለለን እኛ ነን የምናውቀው። ቆመን ድስቱን ስናይ ቆየን። ከዚያ ደፋነው። ማታውን ያለ ሥጋ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ በላን፣ በቡታጋዝ ሠርተን፣ ሳንነጋገር።

ከዚያ ወዲህ የምንጥደው አንዳችን እቤት በምትውልበት ቀን ብቻ ነው። መብራት ሲሄድ ወደ ቡታጋዝ ይዛወራል። የህዳሴው ግድብ በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜ ላይ ሲመረቅ ከማንም በላይ የጨፈርነው ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ። (በጾም ቀን ቦሎቄ የምትሠሩበት ካላችሁ ደግሞ አደራ፣ ቀዩን ቦሎቄ አስቀድማችሁ በምድጃ ላይ ቢያንስ አሥር ደቂቃ አንተክትኩት። በዝቅተኛ ሙቀት ብቻ ከበሰለ ሆድ ይመርዛል።)

“ታዲያ ቤት ካልዋላችሁ የማይሠራ ድስት ምኑን ነፃ አወጣችሁ?” የሚለን ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቤት መዋልና ድስት ሥር መቆም ግን ለየቅል ነው። ቤት የዋለችው ጽሑፏን ጽፋለች፣ ተኝታለች፣ ልብሷን አጥባለች። ሌላው ጥያቄ ይብሳል። ሽንኩርቱን ማን ላጠው? ሥጋውን ማን ገዛ? ያን ከባድ ሸክላ ማን አጠበ? ማሽኑ ማማሰሉን እንጂ ማሰቡን አልወሰደልንም። “ዛሬ ምን ይበላ?” የሚለው ጥያቄ 120 ቮልትም ሆነ 220 ቮልት አይፈታውም። እዚህ ላይ ድስት የሚያሞግሱ ማስታወቂያዎችን አናምንም።

ያም ሆኖ ባለፈው ወር አንድ እሑድ ትራንስፎርመሩንም ድስቱንም ተሸክመን እቴቴ ቤት ሄድን። ሌሊቱን የበሰለ ስጎ ነው። ከሰል አልተቀጣጠለም። ፓስታው ብቻ ተቀቀለ። እቴቴ ቤተ ክርስቲያን ውለው ሲመጡ ገበታው ቀርቧል። ወንበር ሳብንላቸው። ተቀመጡ፤ ተነሡ ክዳኑን አዩ። ተቀመጡ፤ ተነሡ ጨው ቀመሱ። አራት ጊዜ ተነሡ፤ ቆጥረናል። በአምስተኛው የልጃቸው እጅ ትከሻቸው ላይ አረፈና ቀሩ። ስጎው ትኩስ እያለ በሉ። ብዙም አላወሩም። አንድ ጊዜ ብቻ “ለካ ትኩሱ እንዲህ ነው” አሉ። የቀመሱት የራሳቸውን ስጎ መሆኑን፣ አሠራሩን ያስተማሩን እሳቸው መሆናቸውን ልንነግራቸው ፈልገን ነበር። ግን ጉንጫችን ሞልቶ ነበር።

አሁንም “የሰነፍ ድስት” ነው የሚሉት። ብቻ ሲደውሉ “ሰነፉ ደኅና ነው?” ብለው ይጠይቃሉ።

ያን ቀን ወንድሟም ነበር። ሁለት ሳሕን በላና “ይሄ ቀላል ነው እንዴ?” አለ። በጣም ቀላል ነው አልነው። በሚቀጥለው እሑድ ተራው የእሱ ነው። ትናንት ደውሎ ቀይ ሽንኩርት በኪሎ ነው ወይስ በፍሬ የሚገዛው ብሎ ጠየቀን።