መከራና ቤተሰብ በሁለት መጻሕፍት

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። መከራም ቤተሰብን እንደ ድር ያስተባብራል ሲባል ዘወትር ይሰማል። ነገር ግን ይህ እውነት ነውን? ሁለት አሜሪካውያን ደራሲዎች፣ ዊልያም ፎክነርና ጆን ስታይንቤክ፣ ጥያቄውን በልብ ወለድ መርምረውታል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930 የወጣው የፎክነር መጽሐፍ ስሙ በአማርኛ «በሞት አልጋ ላይ ሳለሁ» ሊባል ይችላል። በሚሲሲፒ ገጠር የምትኖር አንዲት እናት ጄፈርሰን ከተማ ከወገኖቿ መቃብር እንድትቀበር ተናዛ ትሞታለች። ባልዋና አምስት ልጆቿ ሬሳዋን በጋሪ ጭነው ይነሣሉ። የሞላ ወንዝ በቅሎዎቻቸውን ይወስዳል፤ የበኩር ልጅ እግሩ ይሰበራል፤ ሬሳውም ይሸታል። ሆኖም ኑዛዜው ለብዙዎቹ ሰበብ ነው፤ እያንዳንዱ በልቡ የግል ጉዳዩን ይዟል። በመጨረሻም አንደኛውን ወንድም ለአእምሮ ሕሙማን ቤት አሳልፈው ይሰጡታል፤ አባትዮው ከሴት ልጁ 10 ዶላር ወስዶ፣ አዲስ ጥርስ አስገብቶ፣ አዲስ ሚስት ይዞ ይመጣል።

በ1939 የታተመው የስታይንቤክ «የቁጣ ወይን» ደግሞ ድርቅ፣ ዕዳና ትራክተር ከኦክላሆማ የነቀሉትን የጆድን ቤተሰብ ወደ ካሊፎርኒያ ይከተላል። በዚህም ጉዞ ሬሳ አለ። አያቲቱ በረሃውን ሲያቋርጡ በሌሊት ትሞታለች፤ እናት ግን ጉዞው እንዳይሰናከል ለተቆጣጣሪዎቹ «ታማለች» ብላ፣ እስኪነጋ ከሬሳው አጠገብ ዝም ብላ ትተኛለች።

ብዙ አንባቢዎች ከዚህ የተነሣ ስታይንቤክ ተስፋን፣ ፎክነር ግን ጨለማን ጻፈ ይላሉ። በእኔ አስተያየት ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ አይደለም። ከጆድ ቤተሰብም ቢሆን አንደኛው ልጅ ወንዝ ተከትሎ ይቀራል፤ አማችዮው እርጉዝ ሚስቱን ጥሎ ይጠፋል። መከራው በትኗቸዋል። የቀሩትን የያዘቻቸው የእናቲቱ ትዕግሥት ነው፤ ለጥቂት ጊዜም ያሳረፋቸው ንጹሕ ውሃ ያለውና ነዋሪዎቹ በመረጡት ኮሚቴ የሚተዳደረው የመንግሥት ሰፈር ነው።

እንግዲህ ድሩ በራሱ አያብርም፤ የሚያስተባብረው ሰው ይፈልጋል። ከቀዬው የተፈናቀለ ቤተሰብ ከጠረጴዛው ፊት የሚቆምበት ወጣት ሹም «ዘመዳሞች ናቸው፣ ይረዳዳሉ» ብሎ መዝገቡን ከመዝጋቱ በፊት ሁለቱንም መጻሕፍት ቢያነብ መልካም ነው። የፎክነር መጽሐፍ 15 ሰዎች እየተፈራረቁ የሚናገሩበት ስለ ሆነ ያስቸግራል፤ ቢሆንም አይተው። የእናቲቱን ዋጋ በሚገባ የሚያስተምረን፣ እናት የሌለችበት ጋሪ ነውና።