ጐንደርን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች

የጐንደርን ግንቦች በሥዕል ያላየ ተማሪ አይገኝም። ዐፄ ፋሲል ከተማይቱን በ1636 እንደ ቈረቈሯትም ሁላችን ተምረናል። ነገር ግን ግንቡ ንጉሥ የሚያድርበት ቤት በነበረበት፥ ገበያው ወርቅ በሚቈረጥበት ዘመን ከተማይቱ ምን ትመስል ነበር ብሎ የሚጠይቅ ሰው፥ መልሱን የሚያገኘው በቦታው ቆመው አይተው ከጻፉት ዘንድ ነው። ከነዚህ ሦስቱን ዛሬ ወደ አንባቢ ፊት እናቀርባቸዋለን። (ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ዳኛ ምስክር ሲሰማ ማን እንደ ሆነና ከነገሩ ምን ጥቅም እንዳለው አስቀድሞ ይጠይቃል፤ እኛም እንዲሁ እናድርግ።

የመጀመሪያው ሐሰን ኢብን አሕመድ አልሐይሚ የተባለ የየመን መልክተኛ ነው። ጐንደር የገባው በ1648፥ ከተማይቱ ገና የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ነበር። የላከው ኢማም ዐፄ ፋሲል ወደ እስልምና ያዘነብሉ ይሆናል የሚል ተስፋ ነበረው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ይፈልጉ የነበረው ቱርኮች ከያዙት ከምጽዋ ርቆ በቤይሉል በኩል የንግድ በር መክፈት ነበር። ስለዚህ ሁለቱም ያሰቡት ሳይሆን ቀረ። አልሐይሚ የመንገዱን መከራ አምርሮ ይጽፋል። ሆኖም ከቤተ መንግሥቱ ሲደርስ አድናቆቱን መሸሸግ አልቻለም፤ በድንጋይና በኖራ የታነጸ ድንቅ ሕንፃ መሆኑን፥ አናጺውም ከህንድ የመጣ ሰው እንደ ነበረ፥ በዙሪያው ያለው የሕዝብ መኖሪያ ግን የሣር ጎጆ መሆኑን ጽፎልናል። ጉዳዩ ያልተሳካለት እንግዳ ሲያመሰግን ከወዳጅ ምስጋና ይልቅ ይታመናል።

ሁለተኛው ሻርል ዣክ ፖንሴ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። ታላቁን ዐፄ ኢያሱን ለማከም ከካይሮ ተነሥቶ በሐምሌ 1699 ጐንደር ገባ፤ አብሮት የመጣው ኢየሱሳዊ ቄስ ከተማይቱ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው በመንገድ ሞተ። ፖንሴ እንደ ሐኪም ብቻ ሳይሆን እንደ ነጋዴም ጭምር ያይ ነበር። በጐንደር ሱቅ የሚባል ነገር እንደሌለ፥ ነጋዴዎች ሁሉ በአንድ ሰፊ አደባባይ ምንጣፍ ዘርግተው ዕቃቸውን እንደሚያቀርቡ ይነግረናል። ገንዘቡም ወርቅና ጨው ነበር፤ ወርቁ ማኅተም ያልተመታበት ሆኖ እንደ ዋጋው መጠን እየተቈረጠ ይሰጣል፥ ለጥቃቅኑ ግዢ ደግሞ ጨው ያገለግላል። እስላሞች በከተማይቱ ታችኛ ክፍል ለብቻቸው ይኖሩ እንደ ነበረም ጽፏል።

እንዲህ ያለውን ነገር ከቤተ መንግሥቱ ዜና መዋዕል ብንፈልግ እምብዛም አናገኝም። የአገራችን ጸሐፊዎች ዘመቻውን፥ ሹመቱንና ሽረቱን፥ የታነጸውን ቤተ ክርስቲያን በጥሩ ግእዝ አስፍረዋል። አሞሌ ጨውን ግን ማን ይጽፈዋል? ሁሉ የሚያውቀው ነገር አይጻፍም፤ ከጊዜ በኋላም ማንም የማያውቀው ይሆናል።

ሦስተኛው ከሁሉ የበለጠ የጻፈው፥ ከሁሉም የበለጠ መጠንቀቅ የሚያሻው ጄምስ ብሩስ ነው። ይህ የስኮትላንድ ሰው በየካቲት 1770 ጐንደር ሲገባ ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። በቍስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ቤት የታመሙትን ልጆች እንዲያክም ተጠራ፤ እርሱም በርና መስኮቱን አስከፍቶ፥ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አሳጥኖ፥ በሆምጣጤ አሳጠበ። በዚህም በእቴጌይቱና በልጃቸው በወይዘሮ አስቴር ዘንድ ተወደደ፤ የወይዘሮ አስቴር ባል ደግሞ ዘመኑ የርሳቸው የነበረው ራስ ሚካኤል ስሑል ነበሩ። ከተማይቱ በሰላም ጊዜ ዐሥር ሺሕ ያህል ቤተ ሰብ እንደሚኖርባት ገምቷል። የፋሲል ግንብ አራት ደርብ እንደ ነበረው፥ ከላዩ እስከ ጣና ድረስ ይታይ እንደ ነበረ፥ ነገር ግን በየጊዜው በእሳት ተጎድቶ አብዛኛው ክፍል ፈርሶ ሰው የሚኖረው በሁለቱ ታችኛ ደርቦች ብቻ እንደ ሆነ ጽፏል። ስለዚህ ግንቡ መፍረስ የጀመረው በኛ ወይም በአያቶቻችን ዘመን እንዳልሆነ ከዚሁ እንረዳለን።

በ1770 መጨረሻ ራስ ሚካኤል ከትግራይ ተመልሰው በከተማይቱ ሲፈርዱ ብሩስ እዚያው ነበር። የተገደሉት ሰዎች ሬሳ መቀበር ተከልክሎ በየመንገዱ ተጥሎ ጅብ ሌሊት ሌሊት እየመጣ ሲበላ ማየቱን ይተርካል። ይህን የሚያነብ ሰው ግንቡን ከሥዕሉ ላይ ዳግመኛ ሲያይ እንደ ቀድሞው አያየውም።

አገሩ ሲመለስ ግን አላመኑትም። ስለ ጥሬ ሥጋ ያወራውን ሰምተው ለንደን ሳቀችበት፤ እርሱም ተቈጥቶ መጽሐፉን ሳያወጣ እስከ 1790 ቆየ። (ፖንሴም በፓሪስ የደረሰበት ይኸው ነበር።) ለእኛ ግን ቍርጥ መብላት ወሬ ሆኖ የሚነገር ነገር አይደለም። የሚገርመው ሌላ ነው፤ ሰዎች እውነቱን ሲናገር አልሰሙትም፥ ያጎደለውን ግን ሳይጠይቁ አለፉት።

ምክንያቱም ብሩስ ብቻውን አልመጣም። ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ የቦሎኛ ተወላጅ፥ የተማረ ሠዓሊ፥ አብሮት ጐንደር ገብቷል። በኅዳር 1770 ወደ ግሽ ዓባይ ሲሄዱም አብሮ ነበር፤ የሞተው በ1771 በጐንደር ነው። በብሩስ መጽሐፍ ውስጥ ግን ይህ ሰው ወደ ምንጩ ከመሄዳቸው በፊት እንደ ሞተ ሆኖ ይገኛል፤ ሥዕሎቹም የብሩስ ተባሉ። ብሩስ የዓባይን ምንጭ ያየሁ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ ብሎ ይመካ ስለ ነበረ (ፔድሮ ፓኤዝ ግን በ1618 አይቶት ነበር) ከጎኑ ሌላ ሰው እንዲቆም አልወደደም ለማለት እደፍራለሁ። በሰይፍና በበሽታ መካከል ያለፈ ደፋር ሰው፥ የሞተ ጓደኛውን ድርሻ መስጠት አቃተው።

ይሁን እንጂ ያጋለጡት የገዛ ወረቀቶቹ ናቸው። ብሩስ በ1794 ከሞተ በኋላ፥ ግእዝ የሚያውቀው አሌክሳንደር መሪ መጽሐፉን በ1805 እንደ ገና ሲያሳትም ከወረቀቶቹ መካከል የባሉጋኒን የጉዞ ማስታወሻ አገኘ፤ ሠዓሊው ከምንጩ ድረስ አብሮ መሄዱም ተገለጠ። የሥዕሎቹ አብዛኞቹ ዛሬ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ተቀምጠዋል። ከነዚያ የአበባና የዛፍ ሥዕሎች መካከል የኛው ኮሶ ይገኝበታል።