ኳስ ተጫዋች ለዲሬክተርነት አይበቃምን?



 በወጣትነቱ ኳስ የተጫወተን ሰው ለቁም ነገር እንደማይሆን አድርጎ የመገመት ልማድ በመካከላችን አለ። በቅርቡ በሠፈራችን ለአንድ ትምህርት ቤት ዲሬክተርነት ከታጩት መምህራን አንዱ፣ በኮሌጅ ሳለ ለቡድኑ ይሰለፍ የነበረ፣ ኋላም የሰውነት ማጎልመሻ በማስተማር 14 ዓመት ያገለገለ ሰው ነው። ስሙ በወላጆች ስብሰባ ላይ ሲነሣ አንድ የተከበሩ ሰው ብድግ ብለው፣ «ኳስ ሲያንከባልል የኖረ ምን አስተዳደር ያውቃል?» አሉ፤ አዳራሹም ሳቀ። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። የ14 ዓመት ልፋት በአንድ ሳቅ ሲቃለል ማየት ግን አሳዝኖኛል።

እስቲ ይድነቃቸው ተሰማን እናስታውስ። በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ከ20 ዓመት በላይ የተሰለፉ ተጫዋች ነበሩ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1949 ዓ.ም. በካርቱም ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። በ1954 ዓ.ም. እርሳቸው ያሠለጠኑት ቡድን አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መሩ። የደቡብ አፍሪካን የዘር አድልዎ በስፖርቱ ሸንጎ አጥብቀው የተቃወሙት እኒሁ ኳስ ያንከባለሉ ሰው ናቸው።

«እርሳቸውማ ልዩ ሰው ነበሩ» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ተጫዋች ሁሉ ይሾም አላልሁም። ለጓደኛው ኳስ የማያቀብል አጥቂ ወንበር ቢሰጠው ፋይልም አያቀብል። (ኳስ ነክቶ ሳያውቅ ፋይል ታቅፎ የሚውል በየመሥሪያ ቤታችን መኖሩን አንባቢ ያውቃል።) ነገር ግን ዳኛ ሲፈርድበት እየመረረው ወደ ቦታው የተመለሰ፣ ተቀይሮ ሲወጣም ተተኪውን ጨብጦ የተቀመጠ ሰው፣ ከመምህራንና ከወላጆች ጋር ክርክር ሲገጥመው ያ ልማድ የሚለየው አይመስለኝም። ትምህርት ቤት ደግሞ ክርክር የማይታጣበት ቤት ነው፤ መምህሩ በክፍለ ጊዜ ድልድል፣ ወላጁ በልጁ ማርክ፣ ዘበኛው በበር ሰዓት ያጉረመርማል።

ስለዚህ ዲሬክተር የሚመርጡ ሁሉ የዕጩውን ያለፈ ሙያ ሰምተው ከመሳቅ፣ ሰዓት ያከብር እንደ ሆነ፣ ቅሬታ ሲቀርብለት ሁለቱን ወገን ይሰማ እንደ ሆነ አብረውት የሠሩትን ቢጠይቁ መልካም ነው። ዕጩው ተጫዋች ከነበረም የቡድን ጓደኞቹን ፈልገው ኳስ ያቀብል እንደ ነበር ይጠይቁልን።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ