የሙቀት ሂሳባችን ክፍል በክፍል ይነበብልን

የተከበራችሁ አማርኛ ተናጋሪ የሕንፃችን ነዋሪዎች፤

የስቶክሆልም ብርድ ሊገባ ነው። እኛም እንደ ልማዳችን ራዲያተሩን ለቀን መስኮቱንም እንከፍታለን። ለምን ቢባል፣ «ሙቀቱ እንደሁ ከወርኃዊው ክፍያ ጋር ነው» እንላለን። እውነት ነው፤ ከከተማው ማሞቂያ ጣቢያ በቧንቧ የሚመጣልን ሙቀት፣ ስዊድኖቹ ፊየርቨርሜ የሚሉት፣ የሚለካው ምድር ቤት ባለው አንድ ቆጣሪ ነው። ሂሳቡ በየቤታችን ስፋት ይደለደላል። አንዱ ቢቆጥብ ትርፉ ለሁሉም ይበተናል፤ አንዱ ቢያባክን ዕዳው የሁላችንም ነው።

ዛሬ ልናሳስብ የወደድነው ግን ለመጪው ጠቅላላ ስብሰባ የሚቀርበውን ጉዳይ ነው። የማኅበራችን ገንዘብ ለአንድ ሥራ ብቻ ይበቃል። ወይ ጣሪያው ሥር የሙቀት ማገጃ ይደረባል፤ ወይ ከሕንፃው ከሚወጣው አየር ሙቀት የሚሰበስብ ፓምፕ ይገዛል። ብዙዎቻችን ልባችን ወደ ፓምፑ አዘንብሏል፤ በዓመት ብዙ ኪሎዋት ሰዓት ያድናል ተብሏልና።

ነገር ግን ኪሎዋት ሰዓትና ክሮና አንድ አይደሉም። የእኛ ሂሳብ፣ በስዊድን እንደ ብዙዎቹ፣ ሁለት ዋና ክፍል አለው። አንዱ የተጠቀምንበት ሙቀት ዋጋ ነው፤ በብርድ ወራት ይወደዳል፣ በበጋ ይረክሳል። በበጋ ቆሻሻ ተቃጥሎ የሚገኘው ሙቀት ይተርፋላ! በጥር ግን ተጨማሪ ማሞቂያ መነሳት አለበት። ሁለተኛው የአቅም ክፍያ ሲሆን፣ የሚሰላው ሕንፃው ብርዱ በጠናበት ቀን በሚፈልገው ሙቀት መጠን ነው።

ታዲያ ፓምፑ በመኸርና በፀደይ ደህና ያግዘናል። ብርዱ ሲጠና ግን ብቻውን አይችልም፤ ያን ቀን የከተማውን ሙቀት መልሰን እንጠይቃለን። የአቅም ክፍያው እንደ ኪሎዋት ሰዓቱ አይቀንስም፤ ፓምፑ የሚበላው መብራትም ሂሳብ አለው። የጣሪያው ማገጃ ግን ብርዱ በበረታ ቁጥር ጥቅሙ ይበረታል።

እኛ ማገጃው ይቅደም ባዮች ነን። ሆኖም የእኛን ቃል ብቻ ይዛችሁ አትወስኑ። አስተዳደሩ ያለፈውን ዓመት ሂሳብ ክፍል በክፍል አውጥቶ እዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍልን። የሁለቱም ሥራ ቁጠባ በክሮና ተሰልቶ፣ በየወሩ ተለይቶ ይቅረብ። ሂሳቡን ሳያዩ እጅ ማውጣት ኋላ ያስቆጫል።

እስከዚያው ግን፣ ጎበዝ፣ መስኮቱን እንዝጋ!