የአምስት ቀን ስንቅ

መስከረም በጠባ ቁጥር ስለ ተማሪ የምንናገረው ነገር ከዓመት ዓመት አይለወጥም። ርዕሰ መምህሩ በሰልፍ ላይ ስለ ሥነ ሥርዓት ይመክራል፤ ባለሥልጣኑ በሬዲዮ «በቂ ዝግጅት ተደርጓል» ይላል፤ ወላጅ በደብተርና በዩኒፎርም ዋጋ ይማረራል። ወሬው ጥቂት ከተጓዘ በኋላ ወደ 12ኛ ክፍል ፈተና ያዘነብላል። ቢያዘነብልም አይፈረድበትም። ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መፈተን ከጀመሩበት ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ወዲህ የሰማናቸው ቁጥሮች እንቅልፍ የሚነሡ ናቸው። በዚያ በመጀመሪያው ዙር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዙር 3.2፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4። ይህንን የሰማ ሰው ሁሉ መርማሪ ሆነ። አንዱ ኩረጃን፣ ሌላው መምህሩን፣ ሌላው ሥርዓተ ትምህርቱን፣ ሌላው ደግሞ የእጅ ስልክን ከሰሰ። እያንዳንዱ ክስ የየራሱ እውነት ሳይኖረው አይቀርም። እኔ ግን ከክሱ ሁሉ በፊት መቅደም የነበረበት አንድ ተራ ጥያቄ ተዘሏል ባይ ነኝ፦ ይህ ልጅ ማታ የሚያድረው የት ነው?

ጥያቄው ለአዲስ አበባ አንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ተማሪ የሚያድረው እናት አባቱ ቤት ነዋ! በገጠሩ ግን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየቀበሌው ቢደርስም፣ ሁለተኛ ደረጃው አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በወረዳው ከተማ ነው። ስለዚህ በጎጃምም፣ በወሎም፣ በጎንደርም፣ በሰሜን ሸዋም 8ኛ ክፍልን የጨረሰ የገበሬ ልጅ በዐሥራ አራት፣ በዐሥራ አምስት ዓመቱ ከቤቱ ወጥቶ ቤት ይከራያል። ሦስት አራት ሆነው አንዲት የጭቃ ክፍል ይይዛሉ። ኪራዩን ይካፈላሉ፤ ምድጃውን ይካፈላሉ፤ ፍራሽ ካለ ፍራሹንም ይካፈላሉ። ሕግ ገና ሕፃን የሚለው ልጅ የራሱ ቤት አባወራ ይሆናል። በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ግን ስሙ፣ ዕድሜውና የ8ኛ ክፍል ውጤቱ እንጂ ይህ አልተጻፈም።

የዚህን ልጅ ሳምንት የሚመራው ከደወሉ ይልቅ ስንቁ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ እናቱ የጋገረችለትን እንጀራ፣ ጥቂት ሽሮና በርበሬ፣ ቢገኝ በሶና ቆሎ በማዳበሪያ ቋጥሮ ሁለት ሦስት ሰዓት በእግሩ ይጓዛል። ሰኞና ማክሰኞ እንጀራው እንጀራ ነው። ረቡዕ ይደርቃል ወይም ይሻግታል፤ የሻገተው ተፍቆ ይበላል። ሐሙስ ድርቆሹ በውኃ ይርሳል። ዓርብ ጠዋት ማዳበሪያው ተገልብጦ ይራገፋል። ዓርብ ጠዋት ደግሞ የሒሳብ መምህሩ «ምን ሆናችሁ ነው የምታንቀላፉት?» ብሎ ይቆጣል።

በዚህ ላይ አንድ ክፉ ግጥምጥሞሽ አለ። ትምህርት የሚከፈተው በመስከረም ነው። መስከረም ሜዳው በአደይ አበባ ያጌጠ፣ ጎተራው ግን የተራቆተ ወር ነው። ያለፈው ዓመት እህል ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል፤ አዲሱ ገና በማሳ ላይ አረንጓዴ ነው። ስለዚህ ልጁ ለከተማው፣ ለክፍሉና ለመምህሮቹ ገና እንግዳ በሆነበት ወር ስንቁ ከዓመቱ ሁሉ የሳሳ ይሆናል። ወንዙም ገና አልጎደለም፤ አንዳንዱ ልጅ የእሑዱን መንገድ ውኃ እስኪጎድል ቆሞ ይጠብቃል። ኅዳር ሲብት እህሉ ይደርሳል፤ ነገር ግን አጨዳው ክንዱን ይፈልገዋልና ከትምህርት ያስቀረዋል። የተማሪዎች ምገባ የሚባለው መልካም ሥራም በአብዛኛው የሚያበቃው በአንደኛ ደረጃ ላይ ነው፤ ልጁ በአንድ ክረምት ውስጥ ረኃብ የማይሰማው ጎልማሳ የሆነ ይመስል።

ከቤት ርቆ መማር በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከአገር አገር ሲዞር የኖረ ነው። ያን ኑሮ ማስዋብ አልፈልግም፤ ረኃቡም፣ እከኩም፣ ተስቦውም፣ የመንደሩ ውሻም የብዙዎችን ዕድሜ ቀጥፏል። ሆኖም «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጃፍ ላይ ሲቆም የቤቱ ሰው ማን እንደ መጣ ያውቅ ነበር፤ ቁራሽ የሚሰጠውም ሆነ የሚነፍገው «ተማሪ ነው» ብሎ ነው። ጎጆው ከጓደኞቹ ጎጆ ተጠግታ ትቆማለች። ታላቁ ለታናሹ ያስቀጽላል። የኔታም ማን እንደ ታመመ፣ ማን እንደ ጠፋ ይነገራቸዋል። ዘመናዊው ትምህርት ሲስፋፋም መንግሥት ይህን ነገር ፈጽሞ አልዘነጋውም ነበር፤ በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ጄኔራል ዊንጌትም ተማሪዎቻቸውን አሳድረው ያስተምሩ ነበር። እርግጥ ነው፣ ለጥቂቶች ነው። ትምህርቱ ለብዙዎች ሲደርስ ማደሪያው አብሮ አልደረሰም፤ ልጁ ግን ከቤቱ መውጣቱን አላቆመም። ዛሬ ክፍል ተከራይቶ የሚማረው ልጅ የቆሎ ተማሪው ወራሽ ሆኖ ሳለ በሚኖርበት መንደር «ተማሪ ነው» ብሎ የሚያውቀው፣ ሲጠፋም የሚፈልገው ሰው የለውም።

ለሴት ልጅ ነገሩ ይብሳል። የክፍሏ በር መቀርቀሪያ አለው ወይ? አከራይዋ ማን ነው? ውኃ የምትቀዳው፣ ሽንት ቤት የምትወጣው በጨለማ ነው ወይ? የወር አበባዋ በመጣ ጊዜ የምታማክራት አንዲት ትልቅ ሴት በአጠገቧ አለች? አባት ልጁን ከ8ኛ ክፍል በኋላ ሲያስቀራት «ኋላ ቀር ነው» እንለዋለን። የቤተሰብ ሕጋችን በ1992 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ 18 ብሎ እንደ ደነገገ እንነግረዋለን። እሱ ግን የፈራው ያቺን መቀርቀሪያ የሌላት በር ነው፤ በፍርሃቱም አልተሳሳተም። የበሩን ጉዳይ ሳንመልስለት ሕጉን ብቻ ብናነብለት ለምን ይሰማናል?

ሰላም በታጣበት አካባቢ ደግሞ ይህ ሁሉ እጥፍ ድርብ ይሆናል። በትግራይ፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የተዘጋው ትምህርት ቤት ጦርነቱ ተከትሎበት ሦስት ዓመት ያህል ተዘግቶ ኖሯል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተነሣው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። እንዲህ ካለ ጊዜ በኋላ 9ኛ ክፍል የሚገባው ልጅ ዕድሜው የገፋ፣ ያየውን የማይናገር፣ ከታናሾቹ ጋር አንድ ወንበር ላይ መቀመጥ የሚያሳፍረው ልጅ ነው። መንገድ ሲዘጋም መጀመሪያ የሚቋረጠው ስንቁ ነው።

ከስንቁ ቀጥሎ ቋንቋው አለ። አብዛኛውን ትምህርቱን በአማርኛ የተማረ ልጅ በአንድ ክረምት ልዩነት ጂኦግራፊውንም፣ ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ይቀበላል። በ8ኛ ክፍል እጁን ቀድሞ የሚያወጣው ልጅ በ9ኛ ክፍል ዝም ይላል። መምህሩ ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ በአማርኛ ያስረዳና በእንግሊዝኛ ያጽፋል። ልጁም ያልገባውን ኖት በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ይገለብጣል። እንደነዚህ ያሉ ደብተሮችን ብዙ አይቻለሁ፤ ርዕሱ በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረበት፣ አንድ ቃል ያልተሰረዘበት፣ ባለቤቱ ግን አንዱን መስመር እንኳ በራሱ አፍ ሊያስረዳ የማይችለው። ጎበዝ ሲባል የኖረ ልጅ በድንገት «አልችልም» ብሎ የሚያምነው በዚህ ወር ነው፤ ይህንንም ለማንም አይናገርም። ለቤተሰቡ ምን ብሎ ይንገር? እናቱ እኮ የእሑዱን እንጀራ የምትጋግረው ልጄ ጎበዝ ነው ብላ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አዳሪ ትምህርት ቤት በየወረዳው ይሠራ ብዬ መጻፍ ቀላል ነበር፤ ወረቀቱም ይችለዋል። የምናገረው ግን ያለ ተጨማሪ በጀት ሊደረግ ስለሚችለው ነው። ሁላችንም እንደምናውቀው ከመስከረም መጀመሪያ እስከ መስቀል ያለው ጊዜ በምዝገባና በክፍለ ጊዜ ድልድል ያልፋል፤ መምህርም ተማሪም ደጅ ላይ ቆሞ ይውላል። በእነዚያ ቀናት የክፍሉ ኃላፊ መምህር እያንዳንዱን የ9ኛ ክፍል ተማሪ ለብቻው አስቀምጦ አምስት ነገር ቢጠይቀው ምን ይቸግራል? የት ታድራለህ፤ ከማን ጋር፤ ቤትህ ስንት ሰዓት ያስኬዳል፤ ስንቅህ በምን ቀን ያልቃል፤ ብትታመም ለማን ይነገርልሃል። ሴቶቹን ሴት መምህርት ትጠይቃቸው። መልሱ ተጽፎ ይቀመጥ። ወላጅ መምህር ኅብረቱም ለአጥር መዋጮ ብቻ ከሚሰበሰብ አንድ ጊዜ እንኳ በአከራዮቹ በር ይዙር።

ይህን ሳነሣ «መምህሩስ?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ልክ ነው። ስልሳ ልጅ በአንድ ክፍል ይዞ፣ ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው መምህር ሌላ ሸክም ሲጨመርበት ቢያጉረመርም መብቱ ነው። ግን በብዙዎቹ ከተሞች መምህሩ ራሱ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ሰው ነው፤ አንዳንዴም በተማሪዎቹ ጓሮ። የልጁን ኑሮ ከሚኒስትሩ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። የጎደለው ያወቀውን ነገር ትምህርት ቤቱ እንደ ሥራ ቆጥሮ እንዲጠቀምበት ማድረግ ብቻ ነው።

ለቋንቋውም የቀደመው ልማድ መልስ አለው። ከአንድ ቀበሌ የመጣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ለዚያው ቀበሌ የ9ኛ ክፍል ልጆች ያስቀጽል። ያንን መንገድ ራሱ ሄዶበታል፤ የትኛው ቃል እንደሚያደናቅፍ ያውቃል። ትምህርት ቤቱ የሚጠበቅበት መብራት ያለውን አንድ ክፍል እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ክፍት ማድረግና ለዘበኛው መንገር ነው። በተከራዩት ክፍል አከራዩ «መብራት ትፈጃላችሁ» ብሎ አምፖሉን የሚያጠፋባቸው ልጆች እዚያ ይመጣሉ።

የትምህርት ሰዓት ሰሌዳ የሚያወጣው ሰው ደግሞ ሁለት ነገሮችን ያስብ። ሰኞ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ፈተና አይስጥ፤ ልጆቹ እሑድ ማታ ስንቅ ተሸክመው የገቡ ናቸው። ሁለተኛው የዓርብ ከሰዓት ፈረቃ ነው። በ11 ሰዓት የምትለቀቅ፣ ሦስት ሰዓት የምትጓዝ ልጅ ቤቷ የምትደርሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው፤ ያውም ብቻዋን፣ ያውም ባዶ ማዳበሪያ ይዛ። በ9 ሰዓት ብትለቀቅ ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ ትገባለች። የቀሩት ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ማክሰኞና ረቡዕ ላይ ሊካካሱ ይችላሉ፤ በእነዚያ ቀናት እንጀራውም ገና አላለቀም።