አቂቃውን አውጥተናል፤ የክትባት ካርዱስ?





ከጥቂት ወራት በፊት ከዐስር ሶላት በኋላ መስጂድ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳለ፣ ከኋላዬ ምሰሶ ተደግፎ የተቀመጠ አንድ ወጣት ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሲያነበንብ ሰማሁ። ዚክር መስሎኝ ነበር። ጠጋ ስል "አሞክሲሲሊን... ሴፍትሪያክሶን... ሜትፎርሚን... ኢናላፕሪል ለነፍሰ ጡር አይሰጥም..." ይላል። ሳቄ መጣ። ለካ የሕክምና ተማሪ ነው፤ ፈተና ደርሶበት እኛ ጁዝእ እንደምንሸመድደው የመድኃኒት ስም፣ መጠንና ጉዳት እየሸመደደ ነበር።

ደብተሩን አሳየኝ። በአንደኛው ገጽ የመድኃኒት ዝርዝር፣ በሌላኛው የሕጻናት ክትባት ሰንጠረዥ። እኔም እንደ ቁርኣን አስተማሪ ልማዴ ደብተሩን ይዤ "እስቲ በቃልህ በለው" አልኩት። እሱም ወረደበት። ሲወለድ ቢሲጂ በክንድ፣ የፖሊዮ ጠብታ በአፍ። በ6 ሳምንት፣ እናቶቻችን "የ45 ቀን" የሚሉት ማለት ነው፣ ፔንታ፣ ፒሲቪ፣ ሮታ፣ ፖሊዮ። በ10 ሳምንት እነዚያው ይደገማሉ። በ14 ሳምንት ፔንታ፣ ፒሲቪና ፖሊዮ ለሦስተኛ ጊዜ፣ በዚያ ላይ በመርፌ የሚሰጥ ፖሊዮ። በ9 ወር ኩፍኝ። በ15 ወር ኩፍኝ እንደገና። አንድም አልሳተም። ማሻአላህ ብዬ ደብተሩን ስመልስለት "ኡስታዝ፣ የእርስዎ ልጆች ጨርሰዋል?" አለኝ።

ዝም አልኩ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ዝምታ ነው።

ወንድ ልጄ የተወለደው በ2013 ጥር ነው። መቐለ ላላችሁ ያ ወቅት ምን እንደሚመስል መንገር አያስፈልገኝም፤ ሌላ ከተማ ላላችሁ ግን ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ ካልተያዘ እንደሚበላሽ ልንገራችሁ። መብራት ከሌለ ፍሪጅ የለም፣ ነዳጅ ከሌለ የሚያደርሰው መኪና የለም። ከጦርነቱ በፊት አብዛኛው የትግራይ ሕጻን ይከተብ ነበር። በ2015 መጀመሪያ የክልሉ ጤና ቢሮ መደበኛ ክትባት የሚያገኙት ሕጻናት ከ100 ውስጥ 10 እንኳን እንደማይሞሉ ተናገረ። የእኔም ልጅ ካላገኙት ዘጠና አንዱ ነበር። እስከዚህ ድረስ በአላህ ፊት ዑዝር አለኝ ብዬ አስባለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚያሳፍረኝ። ጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ተፈረመ፤ ቀስ በቀስ መድኃኒቱም ክትባቱም መግባት ጀመረ። ባለቤቴ "ልጁን እንውሰደው" አለችኝ። "ዛሬ ሰልፍ ነው" አልኳት። "ደግሞ አድጓል፣ ያለ ክትባት እዚህ ያደረሰው አላህ ነው" አልኳት። ከዚያ በኋላ ስትጠይቀኝም መልሴ ያው ነበር። ሱብሓነላህ! ለስንፍናዬ የተወኩል ልብስ አለበስኩት። ደረሶቼን ስለ ተወኩል የማስተምር ሰው ነኝ እንግዲህ።

ኩፍኙ ሰፈራችን ሲገባ ልጄ ዘጠኝ ቀን ተኛ። ዓይኑ ቀልቶ መብራት ማየት አቃተው፤ አላህ አሽሮት ተነሳ። የጎረቤታችን የሁለት ዓመት ልጅ ግን አልተነሳችም። ኢማማችን መንገድ ላይ ስለነበሩ ጀናዛዋን ያሰገድኩት እኔ ነኝ። አባቷ ከቀብር ስንመለስ "ኡስታዝ፣ ብትከተብ ትተርፍ ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ። "የአላህ ቀደር ነው" አልኩት። ውሸት አልተናገርኩም፤ ለሐዘንተኛም ከዚህ ሌላ የሚባል የለም። ነገር ግን ያን መልስ ከመቀበሬ በፊት፣ ከዓመት በፊት፣ ከሚንበሩ ሥር ቆሜ ለአባቶች ማለት የነበረብኝን ሳልል ቀርቻለሁ። ቀደር ከሆነ በኋላ የሚባል ነገር አለ፤ ከመሆኑ በፊት የሚሠራ ነገርም አለ።

ይህን ለይተው ካስተማሩን ሰዎች አንዱ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረዲየላሁ ዐንሁ) ናቸው። ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ የሚባል ቦታ ላይ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙና ሰሓቦችን አማክረው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ "ከአላህ ቀደር ይሸሻሉ?" ቢሏቸው ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሄዱ መለሱላቸው። ከዚያም ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ መጥተው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወረርሽኝ ያለበት አገር እንዳይገባ፣ ያሉበት አገር ከተነሳም ሸሽተው እንዳይወጡ ማስተማራቸውን ሲነግሯቸው ዑመር አላህን አመሰገኑ። ግመልህን እሰርና ተወከል የሚለውን ትምህርትማ ሁላችን እንደግመዋለን። ግመል የሌለን ሰዎች ገመዱ ምን እንደሆነ መጠየቅ ረስተን ነው እንጂ።

አሁን ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ እንምጣ። መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ሐምሌ ሲመረቅ ከገጠር የመጡ ብዙ ሴቶች እህቶቻችን ልብስ ስፌት ገቡ። ጦርነቱ ሥራውን አቆመው፤ ሠራተኛውም ተበተነ። ዛሬም ፓርኩ ዙሪያ ተከራይተው የሚኖሩ፣ ሥራ ያገኙም የሚጠብቁም፣ ልጅ ያላቸው እህቶች አሉ። ለደዕዋ ስንሄድ ጠይቄያቸዋለሁ። "ክትባት ሐራም ነው" ያለችኝ አንዲት እናት አልገጠመችኝም። የሚሉት ሌላ ነው፤ ጤና ጣቢያው የሚከፈተው እኔ ማሽን ላይ በምቀመጥበት ሰዓት ነው፤ የቀረሁበት ቀን ይቆረጣል፤ ልጄን የምትይዘው ልጅ ገና 13 ዓመቷ ነው፣ በየትኛው ልቤ ጤና ጣቢያ ልላካት? ካርዱ ደግሞ ስንፈናቀል ጠፋ።

ታዲያ በየኹጥባው "እናቶች ሆይ ልጆቻችሁን አስከትቡ" እያልን የምንጮኸው ለማን ነው? አባትየው የት ነው? እኔ ራሴ የት ነበርኩ? ክትባት የእናት ሥራ ነው ያለን ሸሪዓ የለም። አቂቃ ሲታረድ በጉን የሚገዛው አባት ነው፣ ስሙን የሚያወጣው አባት ነው። በ45 ቀኑ ልጁን አቅፎ ሰልፍ መያዝ ሲመጣ ግን ወንድነት ይነካል መሰለኝ፣ ሁላችንም እንጠፋለን። ከፓርኩ እህቶች የምሰማው ዋናው ችግር የሰዓት ችግር ነው፤ የሰዓት ችግር ደግሞ ባል፣ ወንድምና ጎረቤት በአንድ ጠዋት የሚፈታው ነው። ለቀጣሪዎችም የምለው አለኝ፤ አንዲት እናት ልጇ 15 ወር እስኪሞላው ለመደበኛ ክትባት የምትፈልገው አምስት ስድስት ጠዋት ነው። በኩፍኝ የታመመ ልጅ ለማስታመም የምትቀርበት ቀን ከዚያ ይበልጣል።

ካርድ ለጠፋባችሁ፣ ጊዜ ላለፈባችሁ፣ ያ ተማሪ የነገረኝን ላካፍላችሁ፤ እኔም አላውቀውም ነበር። ያቋረጠ ልጅ ከመጀመሪያው አይጀምርም። የወሰደው አይባክንም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። አንዳንዱ ክትባት የዕድሜ ገደብ ስላለውና አዳዲስም ስለሚጨመር የትኛው እንደቀረ ጤና ባለሙያ ይወስናል፣ "አልፎበታል" ብላችሁ ግን ራሳችሁ አትፍረዱ። ኩፍኝ በተለይ የሚቀለድበት አይደለም። አንድ በሽተኛ ካልተከተቡ ሰዎች መሐል ከ12 እስከ 18 ሰው ሊይዝ ይችላል። እንዳይዛመት ከ100 ሰው 95ቱ መከተብ አለበት። ያንተ ልጅ አለመከተብ ያንተ ጉዳይ ብቻ የማይሆነው ለዚህ ነው፤ የጎረቤት ሐቅ አለበት።

ስለ ወሬው ደግሞ። "መካን ያደርጋል" የሚለው ወሬ እኛም ዘንድ በስልክ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ2003 ናይጄሪያ ካኖ ውስጥ በዚሁ ወሬ የፖሊዮ ክትባት ቆመ። ክትባቱ ተመርምሮ፣ በመጨረሻም ከሙስሊሟ ኢንዶኔዥያ ተገዝቶ በ2004 ዘመቻው ቀጠለ። በመሐል ግን ቫይረሱ ድንበር አቋርጦ ብዙ አገር ገባ፤ በሱዳን በኩል እኛም አገር ደርሶ፣ ፖሊዮ ከጠፋ ዓመታት በኋላ የኢትዮጵያ ሕጻናት እንደገና ሽባ ሆኑ። ዛሬ ሐጅ የሚሄድ ሁሉ የማጅራት ገትር ክትባት ማረጋገጫ እንደሚጠየቅ ታውቃላችሁ። ለራሳችን መካ ስንሄድ ክንዳችንን እየሰጠን፣ ለልጆቻችን ሲሆን ሴራ የምንፈልገው ለምንድን ነው?

ከዚህ የበለጠ የነካኝ የዐሊ ማዖው ማዓሊን ታሪክ ነው። ሶማሊያዊ ሙስሊም፣ መርካ ከተማ የሆስፒታል ወጥ ሠሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው እሱ ነው። ሆስፒታል ውስጥ እየሠራ ክትባቱን የሸሸው መርፌው ያማል ብሎ ፈርቶ ነው። አላህ አተረፈው። በኋላ ዕድሜውን በፖሊዮ ዘመቻ ላይ አዋለ፤ እናቶችን የራሱን ስሕተት እየነገረ ያሳምን ነበር፤ በ2013 የሞተውም በዚያው ሥራ ላይ ሳለ ወባ ይዞት ነው። አላህ ይዘንለት።

"የፈረንጅ ነገር ነው" ለምትሉም፣ ከ200 ዓመት በፊት ትግራይ ውስጥ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ የዚህ አገር ሰዎች ከፈንጣጣ በሽተኛ ቁስል ወስደው የጤነኛውን ክንድ በጥተው ይከላከሉ እንደነበር ጽፏል። አያቶቻችን ሐሳቡን ያውቁት ነበር። በአንዳንድ ክትባት ውስጥ ስላለው ጀላቲን የሚጠይቁ ወንድሞች ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፣ አላፌዝባቸውም። እ.ኤ.አ. በ1995 ኩዌት ላይ ዑለሞችና ሐኪሞች ተሰብስበው ተፈጥሮው ሙሉ በሙሉ የተለወጠ ነገር ብይኑም እንደሚለወጥ ተነጋግረውበት ጀላቲንን በዚሁ አይተውታል። በረመዳንም ቢሆን ምግብነት የሌለው መርፌ ጾም እንደማያፈርስ የጂዳው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ በ1418 ሂጅራ ወስኗል።

ከደብተሩ ሌላኛው ገጽ፣ ከመድኃኒቱም አንድ ነገር ልበል። መንገድ ተዘግቶ በነበረ ጊዜ የተረፈ ክኒን እየተካፈልን ኖርን። ከዚህ ቤት ሦስት አሞክሲሲሊን፣ ከዚያ ቤት ሁለት። ዶሩራ ነበር። ችግሩ ዶሩራው ሲያልፍ ልማዱ ቀረ። አሁንም መድኃኒት ቤት ሞልቶ፣ ጉንፋን የያዘው ወንድም ጫማ ማስቀመጫው ጋ ቆሞ "አሞክሳ ያለው አለ?" ይላል። ጉንፋን በቫይረስ ነው፤ አሞክሲሲሊን ቫይረስ አይገድልም። ለሳንባ ምች የታዘዘለት ልጅ ደግሞ በሁለተኛው ቀን ሲስቅ እናቱ ቀሪውን "ለሌላ ጊዜ" ብላ ታስቀምጣለች። ጀርሙ መድኃኒቱን እየለመደ የሚመጣው በእንዲህ ያለው አጠቃቀም ነው። በ2019 ብቻ በዓለም ላይ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰው እንደሞተ ተሰልቷል። አማና ያልነው የጎረቤትን ገንዘብ ብቻ ሆኖ ነው እንጂ፣ ነገ ለሚታመም ሰው የሚሠራ መድኃኒት ማቆየትም አማና ነው።

ለእናንተ ለሕክምና፣ ለፋርማሲና ለነርስ ተማሪዎች ያለኝ ቅሬታ ከዚህ ይነሳል። በዓይደር የምትማሩትን ከፈተና ወዲያ አታሳልፉትም። መስጂድ ስትመጡ እንደ ማንኛውም ሰጋጅ ገብታችሁ ትወጣላችሁ። ያ ወንድሜ ባይጠይቀኝ ኖሮ እኔ እስከዛሬ እዚያው ነበርኩ። መድኃኒት እዘዙ አላልኩም፤ እንዲያውም አትዘዙ፣ ገና ተማሪ ናችሁ። ካርድ ማንበብ፣ የቀረውን ማሳየት፣ ወደ ጤና ጣቢያ መምራት ግን ትችላላችሁ።

አንዳንድ ሽማግሌዎቻችን "መስጂድ ጤና ጣቢያ አይደለም" ብለውኛል። ልክ ናቸው፣ መርፌ እዚያ አይወጋም። ግን ለኒካሕ ስንፈርም የማህር መጠን እንጠይቃለን፣ ለአቂቃ ስንጠራ የበጉን ዕድሜ እንጠይቃለን። የልጁን ካርድ ብንጠይቅ ምን ይጎድልብናል?

ልጄ የቀረውን ክትባት ወስዶ ጨርሷል፤ ያስያዝኩት እኔ ነኝ፣ ሰልፉም አርባ ደቂቃ ነበር። ከኢማማችን ጋር ተነጋግረን ከመጪው ጁሙዓ ጀምሮ ከዐስር በኋላ ከመድረሳው በር ላይ ሁለት ወንበር እናደርጋለን። ያ ተማሪና ለሴቶች አንዲት የነርስ ተማሪ እህት ይቀመጣሉ። ከፓርኩ የሚወጡ እህቶች እንዲደርሱ እስከ መግሪብ ይቆያሉ። ካርድ ያላችሁ ካርዱን፣ የጠፋባችሁ የልጁን የልደት ቀን ይዛችሁ ኑ። አባቶች፣ በተለይ እናንተ።