የባለሱቁ የዱቤ ደብተር

በትንሽ ከተማ ባለሱቅ ሲሞት ሐዘኑ የሁሉም ነው። እድሩ ድንኳን ይጥላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ «የሁላችን አባት ነበር» ይባላል። እውነት ነው፣ ነበር። ደመወዝ እስኪወጣ ለመምህሩ ዘይትና ስኳር የሰጠ፣ ልጆቹን ባንኮኒው ላይ የቤት ሥራ ያሠራ፣ ሌሊት በሩ ሲንኳኳ ለአራስ የአጥሚት አጃ ሊያወጣ ጋቢውን ደርቦ የሚነሳ ሰው ነበር። ከሰልስት በኋላ ሚስቱ ሱቁን ስትከፍት ግን የዱቤ ደብተሩ ይጠብቃታል፦ ጠርዙ በዘይት የወዛ፣ ግማሹ ስም በቅጽል የተጻፈ፣ «ረጅሙ ሹፌር»፣ «የወፍጮ ቤቷ» የሚል። ማን ማን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሟች መብት ወደ ወራሾቹ ይተላለፋል ይላል፤ ይሁን እንጂ ማቅ የለበሰች ሴት በየደጁ እየዞረች ዱቤ ለመጠየቅ ይሉኝታ ይይዛታል፣ ሱቁም ባዶ መደርደሪያ ይዞ ይቀራል። እና ዕዳ ያለብን ሰዎች ሳንጠየቅ እንሂድ። ለአርባው ከማዋጣታችን በፊት ደብተሩን አብረናት እንግለጥ፣ በየትኛው ቅጽል እንደተጻፍን እኛው እንንገራት፣ ቆጥረንም እጇ ላይ እናስቀምጥላት።